ለቤት አገልግሎት የሚውል ላፕቶፕ ከመግዛትዎ በፊት ሊያውቋቸው የሚገቡ ነጥቦች

ላፕቶፕ ኮምፒውተር ለአብዛኛው ቤተሰብ በቁጠባ ወይም በዕቁብ በተጠራቀመ ገንዘብ፣ በብዙ ዓመታት አንድ ጊዜ የሚገዛ ዕቃ ነው። አንዱ ላፕቶፕ ለመላው ቤተሰብ ያገለግላል፤ ተማሪው የመመረቂያ ጽሑፉን ያዘጋጅበታል፣ ሥራ ፈላጊው ማመልከቻ ይጽፍበታል፣ አነስተኛ ነጋዴው ሒሳቡን ይይዝበታል፣ ወላጆች በውጭ ሀገር ከሚኖሩ ልጆቻቸው ጋር በምስል ይነጋገሩበታል። በርካታ የመንግሥት አገልግሎቶች በበይነ መረብ መሰጠት በመጀመራቸው፣ እንዲሁም በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. እንደተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደሮች ኢኒሼቲቭ ያሉ የርቀት ሥልጠናዎች በመስፋፋታቸው፣ በቤት ውስጥ በአግባቡ የሚሠራ ኮምፒውተር ይበልጥ ተፈላጊ ሆኗል።

በገበያው ላይ አዲስ፣ ያገለገሉና ታድሰው የሚሸጡ ላፕቶፖች ጎን ለጎን ይቀርባሉ። ከውጭ ሲታዩ ተመሳሳይ የሆኑ ሁለት ላፕቶፖች በውስጣቸው የበርካታ ዓመታት የቴክኖሎጂ ልዩነት ሊኖራቸው ይችላል። ይህን ሳያጣራ የገዛ ሰው ከጥቂት ወራት በኋላ ለባትሪ፣ ለመረጃ ማከማቻ፣ አልፎም ለሌላ ኮምፒውተር ተጨማሪ ወጪ ለማውጣት ሊገደድ ይችላል።

ስለሆነም ገዢው የላፕቶፑን ማንነት ኮምፒውተሩ ተከፍቶ ከሚያሳየው መረጃ በራሱ ዓይን ማረጋገጥ፣ ያረጋገጠውንም በደረሰኙ ላይ እንዲሰፍር ማድረግ ይኖርበታል። ይህ ሁሉ መከናወን ያለበት ገንዘብ ከመከፈሉ በፊት ነው። ከዚህ በታች የቀረበው መረጃ የተለየ የኮምፒውተር ዕውቀት የሌለው ሰውም ይህን ማጣራት ራሱ እንዲያከናውን ለማስቻል የተዘጋጀ ነው።

1. በቅድሚያ የሚፈልጉትን አገልግሎት ይለዩ

ወደ መደብር ከመሄድዎ በፊት ላፕቶፑን ማን፣ ለምን ሥራና ለስንት ዓመት እንደሚጠቀምበት ከቤተሰብዎ ጋር ይነጋገሩ። የቤት ውስጥ አገልግሎት በአብዛኛው በሦስት ይከፈላል።

ሀ. መሠረታዊ አገልግሎት፦ ጽሑፍ መጻፍ፣ ኢሜይል መላላክ፣ በድረ ገጾች ቅጽ መሙላት፣ ቪዲዮ መመልከት።

ለ. የትምህርትና የሥራ አገልግሎት፦ በተመሳሳይ ጊዜ በርካታ ገጾችን ከፍቶ ማንበብ፣ የርቀት ስብሰባና ሥልጠና መከታተል፣ ሒሳብ በኤክሴል መሥራት፣ መሠረታዊ ፕሮግራሚንግ መለማመድ።

ሐ. ከባድ አገልግሎት፦ ቪዲዮ ማቀናበር፣ የሕንፃ ንድፍ መሥራት፣ ከፍተኛ ጌሞችን መጫወት።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት አገልግሎቶች ውድ ኮምፒውተር አይጠይቁም። ለብቻው የተሠራ ግራፊክስ ካርድ የሚያስፈልገው በአብዛኛው ለሦስተኛው ነው። ለከባድ አገልግሎት የተሠራ ላፕቶፕ ይበልጥ ይከብዳል፣ ይሞቃል፣ ባትሪውንም ቶሎ ይጨርሳል። ስለዚህ ለማይሠሩበት ሥራ ተጨማሪ ገንዘብ አይክፈሉ።

2. ዋና ዋና ክፍሎችና ሊኖራቸው የሚገባ አቅም

2.1 ፕሮሰሰር

ፕሮሰሰር የኮምፒውተሩን ሥራ የሚያከናውነው ዋና ክፍል ነው። ብዙ ገዢዎች «ኮር አይ7 ነው» የሚለውን ብቻ ሰምተው ይወስናሉ። ይህ በቂ አይደለም፤ ከስሙ ቀጥሎ ያለው ቁጥር የፕሮሰሰሩን ትውልድ ይናገራል። ለምሳሌ የኢንቴል ምርት የሆነው «አይ5-8250ዩ» ስምንተኛ ትውልድ ሲሆን፣ «አይ5-1135ጂ7» አሥራ አንደኛ ትውልድ ነው።

ልዩነቱን በምሳሌ ለማሳየት፣ የስድስተኛ ትውልድ የሆነው «አይ7-6600ዩ» ሁለት ኮር ብቻ ሲኖረው፣ ከእርሱ በኋላ የተሠራው የስምንተኛ ትውልዱ «አይ5-8250ዩ» አራት ኮር አለው። «ኮር» ማለት በፕሮሰሰሩ ውስጥ ሥራ የሚያከናውን ራሱን የቻለ ክፍል ነው። በመሆኑም አይ7 የሚል ምልክት የተለጠፈበት አሮጌ ላፕቶፕ፣ አይ5 ከሚል አዲስ ላፕቶፕ ሊያንስ ይችላል። ለቤት አገልግሎት የኢንቴል ስምንተኛ ትውልድና ከዚያ በላይ የሆነ አይ3 ወይም አይ5፣ አለዚያም የኤኤምዲ ራይዘን 3 ወይም ራይዘን 5 ከ3000 ተከታታይ ጀምሮ ያለ በቂ ነው። እንደ «ሴሌሮን ኤን4020» ያሉ ባለ ሁለት ኮር ፕሮሰሰሮች ዋጋቸው ዝቅተኛ ቢሆንም፣ በርካታ ሥራ በአንድ ጊዜ ሲሠራ የሚያዘገዩ በመሆናቸው ለተማሪ አይመከሩም።

2.2 ራም

ራም ኮምፒውተሩ በመሥራት ላይ ያለውን ነገር ለጊዜው የሚይዝበት ክፍል ነው። 4 ጊጋባይት ራም ዛሬ ላለው አገልግሎት አነስተኛ ነው። 8 ጊጋባይት እንደ ዝቅተኛ መነሻ ሊወሰድ ይገባል፤ ላፕቶፑን ለአምስት ዓመትና ከዚያ በላይ ለመጠቀም ካሰቡ ግን 16 ጊጋባይት ይመረጣል። በአንዳንድ ላፕቶፖች ራሙ ከዋናው ቦርድ ጋር ተበይዶ ስለሚመጣ ወደፊት መጨመር አይቻልም። «ራም መጨመሪያ ቦታ አለው?» ብለው መጠየቅን አይርሱ።

2.3 የመረጃ ማከማቻ

በአሮጌና በአዲስ ላፕቶፕ መካከል ያለውን ፍጥነት በጉልህ የሚለየው ይህ ክፍል ነው። ሦስት ዓይነት ማከማቻዎች በገበያ ላይ ይገኛሉ።

- ኤችዲዲ፦ በውስጡ የሚሽከረከር ዲስክ ያለው የቀድሞው ሃርድ ዲስክ ነው። ብዙ መረጃ ይይዛል፤ ነገር ግን ዝግተኛ ነው፣ በመውደቅና በመንቀጥቀጥም ይጎዳል።
- ኤስኤስዲ፦ የሚንቀሳቀስ አካል የለውም። ኮምፒውተሩ በሰከንዶች ውስጥ እንዲከፈት ያስችላል።
- ኢኤምኤምሲ፦ በርካሽ ላፕቶፖች ላይ የሚገኝ፣ ብዙ ጊዜ 64 ወይም 128 ጊጋባይት የሆነና ከቦርዱ ጋር የተበየደ ማከማቻ ነው። 64 ጊጋባይት የሆነው በሥርዓተ ክወናውና በማሻሻያዎች ብቻ በአጭር ጊዜ ሊሞላ ይችላል።

ለቤት አገልግሎት 256 ጊጋባይት ኤስኤስዲ በቂ መነሻ ነው። 1 ቴራባይት ኤችዲዲ ያለው ላፕቶፕ በቁጥር ቢበልጥም በዕለታዊ ሥራ ከ256 ጊጋባይት ኤስኤስዲ ይልቅ ዝግተኛ ነው። ፎቶና ቪዲዮ የሚያበዛ ቤተሰብ ተጨማሪ መረጃ በውጫዊ ዲስክ ላይ ማስቀመጥ ይችላል።

2.4 ስክሪንና ኪቦርድ

ለቤት አገልግሎት 14 ወይም 15.6 ኢንች ስክሪን ተስማሚ ነው። የስክሪኑ የጥራት መጠን 1920 በ1080 ቢሆን ጽሑፍ ጠርቶ ይታያል፤ 1366 በ768 የሆነው ለረጅም ሰዓት ንባብ አይመችም። ስክሪኑን ከጎንና ከላይ ሆነው ይመልከቱ፤ ቀለሙ የሚለወጥ ከሆነ ልጆች ጎን ለጎን ተቀምጠው ለመማር ይቸገራሉ።

ከውጭ ሀገር የሚገቡ አንዳንድ ላፕቶፖች ኪቦርዳቸው እንግሊዝኛና ዓረብኛ፣ አለዚያም የጀርመንኛ ወይም የፈረንሳይኛ የፊደል አቀማመጥ ያለው ሊሆን ይችላል። በጀርመንና በፈረንሳይ ኪቦርድ ላይ የአንዳንድ ፊደላት ቦታ ስለሚለያይ ሞክረው ይወስኑ።

2.5 ባትሪና ቻርጀር

የኤሌክትሪክ ኃይል በሚቆራረጥበት አካባቢ ለሚኖር ሰው ባትሪ ከፕሮሰሰር ያልተናነሰ ትኩረት ይፈልጋል። የባትሪ አቅም በዋት ሰዓት ይለካል፤ ቁጥሩ ከፍ ሲል የሚቆይበት ጊዜም ይረዝማል። ባትሪ በአገልግሎት ዘመኑ አቅሙን እየቀነሰ ስለሚሄድ፣ በተለይ ያገለገለ ላፕቶፕ ሲገዙ ዊንዶውስ ራሱ የሚያዘጋጀውን የባትሪ ሪፖርት ሻጩ እንዲከፍትልዎ ይጠይቁ። ሪፖርቱ ባትሪው ሲሠራ የነበረውን አቅምና አሁን ሲሞላ የሚይዘውን አቅም ጎን ለጎን ያሳያል። ለምሳሌ የመጀመሪያው 50,000፣ የአሁኑ 30,000 ሚሊዋት ሰዓት ከሆነ ከባትሪው የቀረው 60 በመቶ ብቻ ነው። በዚህ ጊዜ የባትሪ መቀየሪያ ወጪን በዋጋ ድርድሩ ላይ ማንሳት ተገቢ ነው።

የሀገራችን የኤሌክትሪክ መስመር 220 ቮልት ነው። በቻርጀሩ ላይ «ከ100 እስከ 240 ቮልት» የሚል ጽሑፍ መኖሩን ያረጋግጡ። የሶኬት መሰኪያው የማይገጥም ከሆነ ጥራት ያለው አስማሚ ወይም ተስማሚ የኃይል ገመድ ያስፈልጋል።

3. የሥርዓተ ክወናው ሁኔታ

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ሲሰጥ የቆየው መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። የደህንነት ማሻሻያ የማያገኝ ኮምፒውተር በባንክ፣ በኢሜይልና በመንግሥት አገልግሎት መለያዎች ላይ ለሚደርስ ጥቃት ይበልጥ ተጋላጭ ይሆናል። ስለዚህ ዛሬ የሚገዛ የዊንዶውስ ላፕቶፕ ዊንዶውስ 11ን በይፋ መቀበል የሚችል ሊሆን ይገባል። ለዚህም በመርሕ ደረጃ የኢንቴል ስምንተኛ ትውልድና ከዚያ በላይ ፕሮሰሰር፣ እንዲሁም «ቲፒኤም 2.0» የተባለው የደህንነት ክፍል ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። መመዘኛውን በማያሟላ አሮጌ ላፕቶፕ ላይም ዊንዶውስ 11ን በልዩ ዘዴ መጫን ይቻላል። እንዲህ ያለው ኮምፒውተር ወደፊት ማሻሻያ ለማግኘቱ ዋስትና የለውም። «ዊንዶውስ 11 ተጭኖበታል» መባሉ ብቻ አያሳምንዎት፤ የፕሮሰሰሩን ትውልድ ይመልከቱ። በተጨማሪም «ሴቲንግስ»፣ ከዚያ «ሲስተም»፣ ከዚያ «አክቲቬሽን» በሚለው ገጽ ላይ ፈቃዱ ሕጋዊ ሆኖ መንቃቱን ያረጋግጡ። ያለ ፈቃድ የተሰበሩ ፕሮግራሞች ቫይረስ ይዘው የመምጣታቸው ዕድል ከፍተኛ ነው።

ወጪ ለመቀነስ የሚሹ ተጠቃሚዎች እንደ ኡቡንቱ ያለ በነፃ የሚገኝ የሊኑክስ ሥርዓተ ክወና፣ ለጽሑፍና ለሒሳብ ደግሞ ሊብሬ ኦፊስን መጠቀም ይችላሉ። አማርኛ ለመጻፍ ዊንዶውስ የራሱ የአማርኛ ኪቦርድ ያለው በመሆኑ፣ በ«ሴቲንግስ» ውስጥ «ታይም ኤንድ ላንጉጅ» በሚለው ሥር አማርኛን መጨመር ብቻ በቂ ነው።

4. አዲስ ወይስ ያገለገለ?

አዲስ ላፕቶፕ ያልተነካ ባትሪና የአምራች ዋስትና ይኖረዋል። በተለምዶ «ስላሽ» እየተባለ የሚጠራው ያገለገለ ላፕቶፕ ደግሞ፣ በተለይ ለመሥሪያ ቤቶች ተብሎ በጠንካራ አካል የተሠራ ከሆነ፣ በአነስተኛ ዋጋ ጥሩ አገልግሎት ሊሰጥ ይችላል። እጅግ ርካሽ ከሆነ አዲስ ላፕቶፕ ይልቅ በሚገባ የተመረመረ ያገለገለ ላፕቶፕ የሚሻልበት ጊዜ አለ። ያገለገለ ሲገዙ ግን ተጨማሪ ሦስት ነገሮችን ያጣሩ።

- ቁልፍ፦ ኮምፒውተሩ ሲነሣ የሚጠይቀው የባዮስ የይለፍ ቃል፣ የቀድሞ ድርጅት የቁጥጥር መቆለፊያ፣ በማክቡክ ላይ ደግሞ የቀድሞው ባለቤት የአክቲቬሽን ሎክ አለመኖሩን ያረጋግጡ። እነዚህ ካልተነሡ ገንዘብ ከፍለው የማይጠቀሙበት ዕቃ ሊይዙ ይችላሉ።
- መለያ ቁጥር፦ ከላፕቶፑ ሥር የተጻፈውን መለያ ቁጥር በአምራቹ ድረ ገጽ ላይ በማስገባት ዋስትናው የጀመረበትንና የሚያበቃበትን ቀን ማየት ይቻላል። «አዲስ ነው» የተባለ ላፕቶፕ ዋስትናው ከዓመታት በፊት ጀምሮ ከተገኘ አዲስ አለመሆኑን ይገነዘባሉ።
- የባለቤትነት ማስረጃ፦ ያለ ደረሰኝና ያለ ቻርጀር በመንገድ ላይ የሚቀርብ ላፕቶፕ የተሰረቀ ሊሆን ስለሚችል አይግዙ።

5. ከመክፈልዎ በፊት በመደብሩ ውስጥ የሚደረግ ምርመራ

የሚከተለው ምርመራ ከግማሽ ሰዓት በላይ አይወስድም። የሚቻል ከሆነ ፍላሽ ዲስክ፣ የጆሮ ማዳመጫና በስልክዎ የሚያጋሩት ኢንተርኔት ይዘው ይሂዱ።

1) «ሴቲንግስ»፣ «ሲስተም»፣ «አባውት» የሚለውን ገጽ በመክፈት የፕሮሰሰሩን ሙሉ ስምና የራሙን መጠን ያንብቡ፤ ከተነገረዎት ጋር ያመሳክሩ።
2) «ኮንትሮል»፣ «ሺፍት» እና «ኢስኬፕ» ቁልፎችን በአንድነት በመጫን «ታስክ ማናጀር»ን ይክፈቱ። «ፐርፎርማንስ» በሚለው ሥር ማከማቻው ኤስኤስዲ ወይም ኤችዲዲ መሆኑ ተጽፎ ያገኙታል።
3) የኪቦርዱን ፊደላት በሙሉ አንድ በአንድ ይጻፉ፤ የጣት መዳሰሻውንም ይሞክሩ።
4) ፍላሽ ዲስኩን በሁሉም የዩኤስቢ መሰኪያዎች ላይ ይሞክሩ።
5) ካሜራውን፣ ድምፅ ማጉያውንና ማይክሮፎኑን አጭር ቪዲዮ በመቅዳት ይፈትሹ።
6) ከስልክዎ ዋይፋይ ጋር አገናኝተው አንድ ቪዲዮ ይክፈቱ።
7) ስክሪኑ ሙሉ ነጭና ሙሉ ጥቁር በሆነ ምስል ላይ ነጠብጣብ ወይም መስመር እንደሌለው ይመልከቱ።
8) ክዳኑን ደጋግመው በመክፈትና በመዝጋት ማጠፊያው ያልላላ መሆኑን ያረጋግጡ።
9) ቻርጀሩን ነቅለው ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በባትሪ ብቻ ያሠሩት። በዚህ ጊዜ የባትሪው መጠን በፍጥነት ቢወርድ፣ ላፕቶፑ ከመጠን በላይ ቢሞቅ ወይም በድንገት ቢጠፋ አይግዙት።
10) ቻርጀሩን መልሰው ሲሰኩ መሙላት መጀመሩን ይመልከቱ።

ሻጩ ላፕቶፑን ለማስከፈትና ለማስፈተሽ ፈቃደኛ ካልሆነ ወደ ሌላ መደብር መሄድ ይመረጣል። ከመወሰንዎ በፊትም ተመሳሳይ ዝርዝር ያለውን ላፕቶፕ ዋጋ ቢያንስ በሦስት መደብሮች ያነጻጽሩ።

6. ደረሰኝ፣ ዋስትናና የሸማቹ መብት

በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት፣ አማርጦ የመግዛት፣ እንዲሁም የዕቃውን ጥራት ወይም አማራጮች በመመልከቱ ወይም ዋጋ በመደራደሩ ምክንያት እንዲገዛ ያለመገደድ መብት አለው። ላፕቶፑን አስከፍተው ከመረመሩ በኋላ ሳይገዙ መውጣት መብትዎ ነው።

ነጋዴው ለሸጠው ዕቃ ደረሰኝ የመስጠት ግዴታ አለበት። «ያለ ደረሰኝ ይቀንስልዎታል» የሚል ሐሳብ ሲቀርብ መቀበል ሕግን ከመጣሱም በላይ፣ ችግር ቢፈጠር የግዢውን ማስረጃ ያሳጣዎታል። በደረሰኙ ወይም ከእርሱ ጋር በሚሰጥ ፊርማና ማኅተም ባለው ወረቀት ላይ የላፕቶፑ ሞዴል፣ መለያ ቁጥር፣ የፕሮሰሰሩ ሙሉ ስም፣ የራምና የማከማቻ መጠን፣ አዲስ ወይም ያገለገለ መሆኑ፣ እንዲሁም የዋስትናው ዘመን እንዲሰፍር ይጠይቁ። የቃል ዋስትና በኋላ ለማስረዳት አስቸጋሪ ነው።

በተገዛው ዕቃ ላይ ጉድለት የተገኘ እንደሆነ ሸማቹ ዕቃው በተሸጠለት በ15 ቀናት ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት ሻጩን መጠየቅ እንደሚችል አዋጁ ይደነግጋል። በመደብር ግድግዳ ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ማስታወቂያ መለጠፉ ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛን ሰው ከመጠየቅ ሊያግደው አይገባም። በመሆኑም በመጀመሪያዎቹ 15 ቀናት ላፕቶፑን በካርቶኑ አስቀምጠው አያቆዩት፤ በየዕለቱ በሥራ ላይ ያውሉት። ጉድለት ካዩ በፎቶ ወይም በቪዲዮ ይያዙ፤ ለሻጩም ወዲያውኑ ያሳውቁ። በስምምነት ካልተፈታ ደረሰኝዎን ይዘው በአቅራቢያዎ ለሚገኝ የንግድ ጽሕፈት ቤት፣ ለክልል ወይም ለከተማ አስተዳደር ንግድ ቢሮ፣ አለዚያም ለንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር አቤቱታ ማቅረብ ይችላሉ።

7. ተደጋግመው የሚነሱ ጥያቄዎች

ዘመድ ከውጭ ሀገር ቢያመጣልኝ ምን ላስብ?

ከአሜሪካ፣ ከአውሮፓ ወይም ከገልፍ ሀገራት የሚመጣ ላፕቶፕ ጥሩ አማራጭ ሊሆን ይችላል። ሆኖም የአንዳንድ አምራቾች ዋስትና በተገዛበት ሀገር ብቻ የተወሰነ ነው። ዘመድዎ የዋስትናውን ወሰን እንዲጠይቁ፣ የግዢ ደረሰኙን እንዲልኩ፣ የራሳቸውን የመለያ አካውንት ከኮምፒውተሩ ላይ አስወግደው እንዲያስረክቡ ያሳስቧቸው። ላፕቶፑ በአውሮፕላን ሲጓዝ ባትሪው ሊቲየም በመሆኑ በእጅ ሻንጣ መያዙ ይመረጣል።

ዘመናዊ ስልክ ካለኝ ላፕቶፕ ያስፈልገኛል?

ክፍያ ለመፈጸም፣ መልእክት ለመላላክና አጭር ቅጽ ለመሙላት ስልክ በቂ ነው። ረጅም ጽሑፍ ለማዘጋጀት፣ ሒሳብ ለመያዝና ፕሮግራሚንግ ለመማር ግን ላፕቶፕ ይመረጣል። ገንዘብዎ የማያደርስ ከሆነ ደካማ ላፕቶፕ ዛሬ ከመግዛት ጥቂት ወራት ቆጥቦ ተገቢውን መግዛት ያዋጣል።

የሞባይል ዳታዬን በፍጥነት እንዳይጨርስ ምን ላድርግ?

ዊንዶውስ ማሻሻያዎችን ከበስተጀርባ ስለሚያወርድ በስልክ ኢንተርኔት ሲጠቀሙ በዋይፋይ ማስተካከያው ውስጥ «ሚተርድ ኮኔክሽን» የሚለውን ያብሩ። ማሻሻያዎችን ግን ጨርሶ አይዝጉ፤ ሰፊ ኢንተርኔት በሚያገኙበት ቦታ በየጊዜው ያውርዱ።

8. ከግዢ በኋላ የሚደረግ ጥንቃቄ

የኤሌክትሪክ ኃይል ተቋርጦ ሲመለስ የሚከሰተው መዋዠቅ ቻርጀርን ሊያቃጥል ይችላል። መብራት ሲጠፋ ቻርጀሩን ይንቀሉ፤ ተመልሶ ከተረጋጋ በኋላ ይሰኩ። ላፕቶፑን በአልጋ ወይም በብርድ ልብስ ላይ አስቀምጦ መሥራት የአየር መውጫውን ስለሚዘጋ በጠረጴዛ ላይ ይጠቀሙ። አስፈላጊ ሰነዶችዎን፣ በተለይም የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የትምህርት ማስረጃና የሒሳብ መዝገብ፣ ቢያንስ በአንድ ሌላ ቦታ ቅጂ ያስቀምጡ። አሮጌ ኮምፒውተርዎን ከመሸጥዎ ወይም ለሌላ ከመስጠትዎ በፊት የግል መረጃዎን ሙሉ በሙሉ ያጥፉ።

ማጠቃለያ

ለአብዛኛው ቤተሰብ የኢንቴል ስምንተኛ ትውልድና ከዚያ በላይ ወይም ተመጣጣኝ ፕሮሰሰር፣ 8 ጊጋባይት ራም፣ 256 ጊጋባይት ኤስኤስዲ፣ 1920 በ1080 ስክሪንና ጤናማ ባትሪ ያለው ላፕቶፕ ለዓመታት ያገለግላል። እነዚህን አምስት ነጥቦች በወረቀት ላይ ጽፈው ወደ መደብር ይዘው ይሂዱ፤ አንድ በአንድ ከኮምፒውተሩ ላይ አንብበው ምልክት ያድርጉባቸው፤ በደረሰኙ ላይ ከሰፈሩ በኋላ ብቻ ክፍያ ይፈጽሙ።